ክትባቱን የጨረሰ ልጅ ለምን ትክትክ ይይዘዋል?

ጥያቄ፦ የ10 ዓመት ልጄ አንድም ክትባት አላመለጠውም። ሁለት ሳምንት ሲያስለው ቆይቶ ተመርምሮ ትክትክ ነው ተባለ። እኔ የ30 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ፤ እናቴም ልታርሰኝ ከአዲስ አበባ ትመጣለች። ክትባቱ ካልያዘ ለምን ይወጉናል? ለሚወለደውስ ምን ላድርግ? (ከሜሪላንድ)

መልስ፦ ክትባቱ ሳይዝ ቀርቶ ሳይሆን ደክሞ ነው። የትክትክ ክትባት እንደ ኩፍኝ ክትባት ለረጅም ዘመን አይጸናም። በአሜሪካ ልጆች ዲታፕ የሚባለውን በ2፣ በ4፣ በ6 ወር፣ ከዚያ ከ15 እስከ 18 ወር፣ በመጨረሻም ከ4 እስከ 6 ዓመት ይወጋሉ። ቀጣዩ፣ ለትልልቅ ልጆችና ለአዋቂዎች የተዘጋጀው ቲዳፕ፣ የሚሰጠው በ11 ወይም በ12 ዓመት ነው። ልጅዎ ያለው በመሃሉ ክፍተት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ9,000 በላይ ሰው ታሞ 10 ሕፃናት ሲሞቱ ብዙ የተከተቡ የ8፣ የ9 እና የ10 ዓመት ልጆችም ተይዘው ነበር። ከዚያ ወረርሽኝ በኋላ በ2012 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ከአምስተኛው መርፌ በኋላ የመያዝ ዕድሉ በየዓመቱ በአማካይ 42 በመቶ ይጨምራል።

ምክንያቱ ከክትባቱ አሠራር ይጀምራል። የድሮው ክትባት የተገደለውን ባክቴሪያ ከነሙሉ አካሉ የያዘ ነበር፤ በኢትዮጵያ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጠው አምስት በአንድ ክትባት ዛሬም እንደዚያው ነው። ትኩሳቱ፣ የጭን እብጠቱና የሕፃኑ ረጅም ለቅሶ ወላጆችን ስላስመረረ አሜሪካ በ1990ዎቹ ከባክቴሪያው ተጣርተው የወጡ ጥቂት ፕሮቲኖችን ብቻ ወደያዘው ተሻገረች። አዲሱ ለሰውነት ቀለል ይላል፤ ግን ቶሎ ይደክማል። ሌላም ጉድለት አለበት። በዝንጀሮ ላይ በተደረገ ሙከራ አዲሱን የተከተቡት ባይታመሙም ጀርሙ ጉሮሯቸው ውስጥ ለሳምንታት ተቀምጦ ወደ ሌሎች ተላልፏል። ጋሻው ለራስ እንጂ ለጎረቤት እምብዛም አይተርፍም ማለት ነው።

ታዲያ ለምን ይወጉናል? ጃፓን መልሱን በራሷ ላይ አይታዋለች። በ1975 ክትባቱን ካቋረጠች በኋላ የሚከተበው ልጅ ቁጥር አሽቆለቆለ፤ በ1979 ከ13,000 በላይ ሰው ታሞ 41 ሞቱ። «ከታመሙት አብዛኞቹ የተከተቡ ናቸው» ሲባልም ሒሳቡን ይዩት። ከ100 ተማሪ 95ቱ ተከትበዋል፣ ሁሉም ለጀርሙ ተጋለጡ እንበል። ካልተከተቡት 5 ልጆች 4ቱ፣ ከተከተቡት 95 ደግሞ 15ቱ ቢታመሙ፣ ከ19 በሽተኞች 15ቱ የተከተቡ ይሆናሉ። ያልተከተበው ልጅ የመያዝ ዕድሉ ግን አምስት እጥፍ ነው። የተከተበ ልጅ ሲይዘውም ብዙ ጊዜ ቀለል ይልለታል።

አሁን ወደ ሆድዎ ልጅ እንምጣ፤ እኔ ከሁሉ የምጨነቀው ለእሱ ነው። የመጀመሪያ የትክትክ መርፌው በ2 ወሩ ነው፤ እስከዚያ ያለው መከላከያ ከእርስዎ በእንግዴ ልጅ በኩል የሚያልፍለት ብቻ ነው። ቲዳፕ በእያንዳንዱ እርግዝና፣ ከ27ኛው እስከ 36ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ይወሰዳል። ባለፈው እርግዝና ወስጃለሁ ብለው አይለፉት። ሰውነትዎ መከላከያውን ለማምረት ሁለት ሳምንት ያህል ስለሚፈልግ በዚህ ሳምንት ይወጉ። አንድ ነገር ግን ያስተውሉ፦ በኢትዮጵያ ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው ቲዲ የመንጋጋ ቆልፍና የዘጊ አናዳ ብቻ ነው፤ ትክትክ የለበትም። ስሙ ስለሚመሳሰል ካርድዎ ላይ «ቲዳፕ» ተብሎ መጻፉን ራስዎ ያረጋግጡ።

እናትዎም አንድ ቲዳፕ ያስፈልጋቸዋል፤ ሕፃኑን ከማቀፋቸው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ መሆን አለበት። የበረራ ቲኬታቸውን ሲቆርጡ ይህን ጊዜ ያስሉበት።

ልጅዎ አዚትሮማይሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ ለ5 ቀን ይወስዳል። መጠኑ በኪሎ ነው፤ 30 ኪሎ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን 300 ሚሊግራም፣ በቀሩት አራት ቀናት በቀን 150። በቤቱ ያሉ ሁሉ፣ እርስዎም ጭምር፣ ባያስላቸውም መድኃኒቱን ይወስዳሉ፤ ለአዋቂ በመጀመሪያው ቀን 500፣ ከዚያ አራት ቀን 250 ሚሊግራም ነው። የልብ ምት መዛባት ያለበት ሰው አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር። አምስቱን ቀን ሲጨርስ ልጁ ወደ ትምህርት ቤት ይመለሳል። ሳሉ ግን ለሳምንታት ይቀጥላል። መድኃኒቱ ጀርሙን ይገድላል እንጂ መርዙ የጎዳውን የአየር ቧንቧ አይጠግንም፤ ስለዚህ «አልሠራም» ብለው ሌላ አንቲባዮቲክ አይጠይቁ። ዕጣንና የቡና ጢስ ሳሉን ስለሚቀሰቅሱ ለጊዜው ይቅሩ።

ትልቅ ልጅ በአንድ ትንፋሽ ደጋግሞ ስሎ፣ ፊቱ ቀልቶ፣ አየር ሲስብ «ሲጥ» የሚል ድምፅ ያሰማና ያስመልሰዋል። አራስ ልጅ ግን ድምፁን ላያሰማ፣ ጭራሽም ላያስለው ይችላል። ትንፋሹ ቀጥ ይላል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል፣ ጡት መጥባት ይተዋል። ትንፋሹ ከቆመ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ወዲያው 911 ይደውሉ፤ ጡት ብቻ ከተወም ሳያድር ይታይ። ሳሉ ጋብ ሲል ሕፃኑ ጤነኛ ስለሚመስል፣ ሲነሳበት በስልክ ቀርፀው ለሐኪሙ ያሳዩ። ማር ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሰጥም፤ የሳል ሽሮፕም ለትክትክ አይጠቅምም።

ትልቁ ልጅዎ 11 ዓመት ሲሞላው ቲዳፑን ይወጋ። ታሞ ድኗል ተብሎ አይቀርም፤ በሽታው ራሱ የሚሰጠው መከላከያም ከዓመታት በኋላ ይጠፋል።