«ኮልድ» የሚለውን ቃል ለጠየቀችኝ ተማሪና ለጓደኞቿ

ውድ ልጆቼ፤

ደብረ ብርሃን ውስጥ ነርስነት የምትማር አንዲት ልጅ በቅርቡ «ኮልድ (ብርድ፣ ቀዝቃዛ) የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በመማሪያ መጽሐፋችን በየምዕራፉ ትርጉሙ ይለዋወጥብኛል፤ የቱን ልያዝ?» ስትል ጠየቀችኝ። በቃል መልሼላት ነበር፤ ነገር ግን ጥያቄዋ ከብዙ ዘመን በፊት ያየሁትን አንድ የመንዝ ልጅ ስላስታወሰኝ፣ እናንተም ታነቡት ዘንድ በጽሑፍ ማስፈሩን መረጥሁ።

የመጽሐፉ ነገር አያስቸግርም። ኮመን ኮልድ ጉንፋን ነው፤ የሚያመጣውም ከ200 በላይ ከሚሆኑ ቫይረሶች አንዱ እንጂ ብርዱ ራሱ አይደለም። ኮልድ ኖጁል ለምርመራ ሬዲዮአክቲቭ (ጨረር የሚያወጣ) አዮዲን ሲሰጥ የማይስብ የእንቅርት እባጭ ነው፤ በእጅ ቢዳሰስ አይቀዘቅዝም። ኮልድ ሶር ደግሞ ከንፈር ላይ የሚወጣው፣ ኸርፐስ የተባለ ቫይረስ የሚያመጣው ቁስል ነው። ይህን ሳስተምር ሁልጊዜ ይደንቀኝ ነበር፤ እንግሊዞች ከጉንፋን ጋር ሲወጣ አይተው በኮልድ የጠሩትን ቁስል የእኛ እናቶች «ምች መታው» ብለው በፀሐይ ያመካኛሉ፣ ዳማከሴም ይጨምቁለታል። ትኩሳትም ሆነ ፀሐይ የተኛውን ቫይረስ እንደሚቀሰቅስ ዛሬ ስለሚታወቅ፣ ሁለቱም ወገኖች በደንብ አስተውለው ነበር።

በእኔ ልብ የቀረው ኮልድ አብሰስ ነው። መግል የቋጠረ እባጭ አብዛኛውን ጊዜ ይቀላል፣ ይግላል፣ ሲነኩት ያማል፤ የቲቢ ባክቴሪያ የሚያመጣው ግን ሳይቀላና ሳይግል ቀስ እያለ ስለሚያብጥ ሐኪሞች ቀዝቃዛ አሉት። በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ተለማማጅ ጤና ረዳት በነበርሁበት ሆስፒታል፣ አንዲት እናት ልጇን በባና ጠቅልላ፣ አዝላ ከመንዝ መጣች። ልጁ በግ ለመጠበቅ የደረሰ ነበር፤ በዚያ ዕድሜ ልጅ አይታዘልም። ምን እንደሆነ ስትጠየቅ «ብርድ ነው ጌታዬ፤ ወገቡን ብርድ ገባው» አለች። ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ነበርና አስተርጓሚው ይህን ሁሉ «ኮልድ» በሚል አንድ ቃል አቀበለው። ሐኪሙም ጉንፋን መስሎት ጉሮሮውን በባትሪ አየ፣ ደረቱን በልብሱ ላይ አዳመጠ፣ የትኩሳት መድኃኒት አዘዘና ቀጣዩን አስጠራ። እኔ በር ላይ ቆሜ ሕሙማንን አስገባ ነበር። ሲወጡ ካርዱ ከልጁ እጅ ወደቀ፤ ልጁም ሊያነሣው ጎንበስ አላለም፤ ወገቡን እንደ በትር ቀጥ አድርጎ በጉልበቱ ቁጢጥ ብሎ አነሣው። የአከርካሪ ቲቢ ያለበት ልጅ እንዲህ እንደሚያደርግ የተማርሁት ኋላ ነው።

ክረምቱ አልፎ ሲመለሱ ጀርባው ጎብጦ፣ ብሽሽቱ ላይ ለስላሳ፣ ሙቀት የሌለው እባጭ ወጥቶ ነበር። ወደ አዲስ አበባ ተልኮ በመድኃኒት ዳነ፤ ጀርባው ግን አልተቃናም። እናትየዋ አልጮኸችም፤ «ወገቡን ነው ብያችሁ ነበር» ብቻ አለች። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው። ይህን የአከርካሪ ሕመም እንግሊዛዊው ሐኪም ፐርሲቫል ፖት በ1779፣ ባክቴሪያውን ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮኽ በ1882 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ገልጸውታልና፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ዕውቀቱ አልጠፋም ነበር። የጠፋው «ወገቡን» የሚለው ቃል ነው።

ሸዋ ሮቢት ተመድቤ ስሠራ ደግሞ ያው ብርድ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። ከጣርማ በር ዋሻ ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ በየመታጠፊያው ልብስ ትቀንሳላችሁ፤ ከታች ስትደርሱ በቀትር ሐሩር ጋቢ ተከናንቦ «ብርድ ገደለኝ» እያለ የሚንቀጠቀጥ ሰው ታገኛላችሁ። እዚያ ብርድ የወባ መጀመሪያ ነው፤ ትኩሳቱና ላቡ ይከተላሉ።

የእናንተ ትውልድ እንግሊዝኛው ከእኛ ይሻላል፣ መዝገበ ቃላቱም በኪሳችሁ ነው። የሕመምተኛውን አማርኛ ግን ትቸኩሉበታላችሁ፤ «ያው ብርድ ነው ትላለች» እየተባባላችሁ ስትሳሳቁ ሰምቼ አዝኛለሁ። ስለዚህ የእንግሊዝኛውን ቃል ፍቺ ለመሸምደድ ብዙ አትድከሙ እላችኋለሁ።

ይህን ብልም በኮልድ ቼይን፣ ማለትም ክትባት እስኪሰጥ ድረስ በቅዝቃዜ በሚጠበቅበት አሠራር ላይ ፍቺው እንዲዛነፍባችሁ አልፈቅድም። የክትባት ፕሮግራም በአገራችን በ1972 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ፣ ቀዝቃዛ ማለት በረዶ ማለት የሚመስላቸው ብዙ ደጋግ ሠራተኞች አይቻለሁ። ኮልድ ቼይን በጤና ጣቢያ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለት ነው፤ የቴታነስና የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በረዶ ከሆነ ይበላሻል፤ ቢቀልጥም ኃይሉ አይመለስም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ በሚወርድበት በእኛ ደጋ፣ ክትባቱን ከሙቀት ብቻ ሳይሆን ከብርዱም መጠበቅ አለባችሁ።

የቱን ልያዝ ላልሽኝ ልጄ፣ ከመጽሐፉ ይልቅ ቃሉን የተናገረችውን እናት ትርጉም ያዢ። እናት «ብርድ ነው» ስትልሽ «የት ላይ ነው የገባው እናቴ? ከመቼ ጀምሮ?» በያት። የመንዝ እናት ሐኪም ስታከብር ለሁሉም ጥያቄ «አዎ» ትላለችና፣ አዎ ወይም አይደለም ብቻ የሚያስመልስ ጥያቄ አታብዢ። ወገብ ካለች ጀርባውን ገልጠሽ እዪ፤ ሌሊት ያልበው እንደሆነ፣ በቤታቸውም ሲያስል የቆየ ሰው ካለ ሳትጠይቂ ካርዱን አትዝጊ።