ሐመር ኮራሉን ለመቁረጥ አትቸኩይ

እህቴ፣ ጥያቄሽን በደንብ አነበብኩት። 40 ጋሎን የዓሣና የኮራል ታንክ አለሽ፤ ጨው ውኃ ከገባበት ሦስት ወር ሆኖታል። ሁለት ክላውንፊሽ የሚባሉ ዓሦች፣ ሦስት ዓይነት ኮራል ደግሞ፣ ማለትም አጽም የሌላቸው አንድ መሽሩምና ጥቂት ዞአንተስ፣ እንዲሁም የድንጋይ አጽም ያለው ባለ ሁለት ራስ ሐመር ይዘሻል። የጠየቅሽው «ሐመሩን ቆርጬ ላባዛው ወይ? ክረምት ላይ ግብፅ፣ ሁርጋዳ ስሄድስ ከቀይ ባሕር ቁራጭ ይዤ ብመጣ?» ብለሽ ነው። ሐመሩን ለጊዜው አትንኪው። መሽሩሙን መሞከር ትችያለሽ። የሁርጋዳውን ሐሳብ ግን እርግፍ አድርገሽ ተዪው። ድንጋያማ ኮራሎች በሙሉ ለአደጋ በተጋለጡ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ላይ በተደረገው ዓለም አቀፍ የሳይቲስ ስምምነት የተጠበቁ ናቸው፤ ያለ ፈቃድ ድንበር ማሻገር ወንጀል ነው። እዚሁ ሰፈርሽ ውስጥ ቤቱ ያራባውን ቁራጭ በርካሽ የሚሰጥሽ ሰው አታጪም፤ ያ ደግሞ የታንክ ኑሮ የለመደ ነው።

ለምን ቆይ እንዳልኩሽ ልንገርሽ። ኮራል እንስሳ ነው። ሥጋው ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች አሉ፤ በብርሃን ምግብ ሠርተው የሚያበሉት እነሱ ናቸው። እንደ ሐመር ያለው ደግሞ ከውኃው ካልሲየምና ካርቦኔት እየወሰደ የድንጋይ አጽም ይገነባል። ስትቆርጪው ታቆስይዋለሽ። ቁስሉ ቶሎ የሚደርቀው የረጋ፣ ማለትም ጨዉና ማዕድኑ የማይዋዥቅ ውኃ ውስጥ ነው። የሦስት ወር ታንክ ደግሞ ገና አይረጋም።

ጨዉ በስፔሲፊክ ግራቪቲ (ከንጹሕ ውኃ ጋር ሲነጻጸር ባለው ክብደት) 1.025 ወይም 1.026፣ ሙቀቱ ከ25 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሁን። ካልሲየም ከ400 እስከ 450፣ ማግኒዥየም ከ1250 እስከ 1350 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ) ጥሩ ነው። እኔ ዓይኔን የማልነቅለው ግን ከአልካሊኒቲ (በግርድፉ ውኃው ውስጥ ካለው የካርቦኔት መጠን) ላይ ነው። ከ8 እስከ 9 ዲኬኤች (የአልካሊኒቲ መለኪያ) ቢሆን ደስ ይላል። ግን 7.5 ላይ ተረጋግቶ የሚቆይ ውኃ፣ ዛሬ 7 ነገ 10 ከሚል ውኃ በብዙ ይሻላል። ኮራሎች ሲጨማደዱና ሥጋቸው ከአጽማቸው ሲላቀቅ ሳይ መጀመሪያ የምጠረጥረው የአልካሊኒቲ መዋዠቅን ነው።

እንዲህ አድርጊ። ለአንድ ሳምንት በየቀኑ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ አልካሊኒቲ ለኪና ጻፊው። በዚያ ሳምንት ምንም አትጨምሪ፣ ውኃም አትቀይሪ። ቁጥሩ በየቀኑ ትንሽ ከወረደ ኮራሎችሽ እየበሉት ነው፤ ማለትም እያደጉ ነው። ምን ያህል መጨመር እንዳለብሽ የሚነግርሽ ያ የወረደው መጠን ነው። ዝቅ ብሎ ካገኘሽውም በአንድ ቀን ከ1 ዲኬኤች በላይ አታሳድጊው።

ውኃው ሲተንና ታንኩ ሲጎድል ጨው ውኃ እንዳትጨምሪ። የሚተነው ውኃው ብቻ ነው፤ ጨዉ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ የምትሞዪው ጨው በሌለው ንጹሕ ውኃ ነው። የቧንቧ ውኃ ውስጥ ክሎራሚን፣ ፎስፌት፣ አንዳንዴም መዳብ ይኖራል፤ መዳብ ደግሞ ለኮራል መርዝ ነው። የቧንቧውን ውኃ እስከ መጨረሻው የሚያጠራ የአርኦ ዲአይ ማጣሪያ ግዢ፤ ከእሱ የወጣው ውኃ በቲዲኤስ (የሟሟ ነገር) መለኪያ ዜሮ ማሳየት አለበት፤ ከውድ መብራት በፊት ይቅደም። ናይትሬትና ፎስፌትንም ዜሮ ለማድረግ አትልፊ። ናይትሬት ከ5 እስከ 10፣ ፎስፌት ከ0.03 እስከ 0.1 ፒፒኤም ቢሆን ኮራሉ ይወደዋል።

አሁን ወደ ሐመሩ። ራሱ ያረፈበትን ግንድ ከጎን ተመልከቺ። ሁለቱ ራሶች በደንብ ተለያይተው፣ ከእያንዳንዱ ሥጋ በታች ቢያንስ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ባዶ አጽም ከታየሽ ለመቆረጥ ደርሷል ማለት ነው። ሥጋቸው መሐል ላይ ገና ከተያያዘ አልደረሰም። የሚቆረጠው ባዶው አጽም ላይ ነው፤ ሥጋው ፈጽሞ አይነካም። አጥንት መቁረጫ መቀስ ሲጫኑት አጽሙን ወደ ላይ ሊሰነጥቀው ስለሚችል፣ ከሥጋው በተቻለሽ መጠን ራቅ በዪ። ከዚያ ጄል የሆነ ሱፐር ግሉ ፕላጉ (ቁራጩ የሚቆምበት ትንሽ መሠረት) ላይ አድርገሽ ማጣበቅ ነው፤ ውኃ ውስጥም ይደርቃል። በቀጣዮቹ ቀናት ቡናማ ዝልግልግ ነገር ራሱ ላይ ካየሽ ቶሎ ከታንኩ አውጪው። ታንኩ ውስጥ እንዳለ አትንፊው፤ ወደ ሌሎቹ ይዛመታል።

መሽሩም ይቅር ባይ ነው። ቤቴ ኮራል ለሚጀምር ሰው መጀመሪያ የማስቆርጠው እሱን ነው። ከታንኩ በተቀዳ ውኃ ሳህን ላይ አስቀምጪው፤ በአዲስ ምላጭ አፉን ለሁለት ከፍለሽ ቁረጪው። እያንዳንዱ ግማሽ ከአፉ ድርሻ ሊኖረው ይገባል። ልጋጋም ስለሆነ ሙጫ አይዘውም። ትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ውስጥ የድንጋይ ስብርባሪ አድርገሽ ቁራጮቹን ጣል አድርጊ፤ የኩባያውን አፍ በስስ መረብ ሸፍኚና ውኃው በኃይል የማይገፋበት ቦታ አኑሪው። መጀመሪያ ኩምትር ብሎ የሞተ ይመስላል፤ አትደንግጪ። በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ ድንጋዩን ይይዛል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ጠርዙ ይገጥምና ክብ ይሆናል።

ዞአንተሱን ግን ለብቻሽ እንዳትነኪው። አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል ከባድ መርዝ አላቸው። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ሲዲሲ በ2015 ባወጣው ዘገባ፣ አላስካ ውስጥ ከ2012 እስከ 2014 ባሉት ዓመታት መርዙን በትንፋሽ ሳይስቡት እንዳልቀሩ የተጠረጠሩ ሰዎችን ጉዳይ ዘርዝሯል። ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር የግድ ነው፤ ሲቆረጥ ፊት ላይ ፊጭ ይላል። ዞአንተስ ያለበትን ድንጋይ መቀቀል፣ በፈላ ውኃ ማጠብ፣ ደርቆ ሳለ በብሩሽ መፈግፈግ ክልክል ነው። ልጆችና ድመት ካሉ ክፍሉን ዝጊ። ከነካሽው በኋላ አፍሽን ብረት ብረት ካለሽ፣ ካተኮሰሽ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ ሳትቆዪ ሆስፒታል ሂጂና የመርዙን ስም ጠቅሰሽ ንገሪያቸው፤ ብዙ ሐኪም አጋጥሞት አያውቅምና ስሙን ከአንቺ ቢሰማ ይጠቅማል።

የሳምንቱን የአልካሊኒቲ ውጤት እንደጨረስሽ እዚሁ ለጥፊልን። የሐመሩን ግንድም ከጎን፣ ማታ ሥጋው ሲሰበሰብ፣ ፎቶ አንሺና አብረሽ ላኪ፤ መቆረጥ መድረሱን አይቼ እነግርሻለሁ።