መስታወቱ ከውስጥ በረዶ ሲይዝ

ጠዋት ጠዋት የፊት መስታወቱ በውስጥ በኩል በረዶ ይሠራል ላልከው ወንድሜ፣ መኪናው ውስጥ የተጠራቀመ እርጥበት አለ ማለት ነው። መጀመሪያ ምንጣፉን ገልጠህ ከሥሩ ያለውን ስፖንጅ በእጅህ ጫን አድርገው። ላዩ ደረቅ መስሎ ሥሩ ውሃ የቋጠረ ብዙ ነው። እሱ ካልደረቀ ሌላው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው። በበሮቹ ዙሪያ ያለው ጎማ ውሃ የሚያስገባ እንደሆነም እይ። ጣፋጭ ሽታ ካለና መስታወቱ ላይ ቅባት ነገር ከታየ ግን የማሞቂያው ራዲያተር እያፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል ለመካኒክ አሳየው።

ስትነዳ አየር ከውጭ ይግባ። ማሞቂያውን ከኤሲ ጋር አብራ፤ ኤሲ አየሩን ያደርቀዋል። ስታቆም ደግሞ ከመቆለፍህ በፊት በሮቹን ለአፍታ ከፍተህ ሞቃቱን አየር አስወጣ፤ ሌሊት መስታወቱ ላይ የሚረጋው በውስጡ ያለው እርጥበት ነው። ብቻ አደራ፣ የፈላ ውሃ እንዳታፈስበት! መስታወቱ ሊሰነጠቅ ይችላል።