«ቅናሹ ገና ነው» ብዬ የጻፍኩ ቀን

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። አራት ኪሎ አካባቢ ባልትና ልትከፍቺ ነው፦ ምጥን ሽሮ፣ በርበሬ፣ ሚጥሚጣ። ሦስት ስም ይዘሻል፦ «ጎልደን ስፓይስ»፣ «ድቁስ» እና «ሙቀጫ»። ባለቤትሽ እንግሊዝኛው ይሸጣል ብሏል። እናትሽ ደግሞ «ሙቀጫ ተብሎ ስም አለ እንዴ?» ብለው ስቀዋል። ከስሙ ሥር «ቅንጡ የባህል ጣዕም» የሚል መፈክር ማስገባትም አስበሻል።

እኔ ኮፒራይተር ነኝ፤ የማስታወቂያ ቃል እጽፋለሁ። ዘመዶቼ ግን «ማስታወቂያ የሚሠራው» ነው የሚሉኝ፤ ካሜራ ያለኝ ይመስላቸዋል። ከካዛንቺስ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ፒያሳ ቢሮ እየቀያየርኩ ለሰው ሱቅ ቃል ስፈልግ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። መጀመሪያ ያበላሸሁትን ልንገርሽ።

አንድ ዓመት ፒያሳ ላለ የልብስ ሱቅ የበዓል ባነር ጻፍኩ። «ቅናሹ ገና ነው!» አልኩ። «ገና» የሚለው «ና»ው ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ ነው። ሲላላ ደግሞ ቅናሹ ገና መጀመሩ ነው። አንድ ቃል፣ ሁለት ትርጉም! ሰምና ወርቅ የዘረፍኩ መስሎኝ ለራሴ ቡና ጋበዝኩ። ባነሩ ተሰቀለ። ሰው ቆም ይላል፣ ቀና ብሎ ያነባል፣ ይሄዳል። በሦስተኛው ቀን አንዲት እናት በሩን ገርበብ አድርገው «ልጄ፣ ቅናሹ መቼ ነው የሚጀምረው?» ብለው ጠየቁ። እውነታቸውን ነው። ባነሩ ራሱ ገና ነው ይላላ! ባለሱቁ ወዲያው ደወለልኝ። ያለኝን እዚህ አልጽፈውም።

ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው ለይቶ አያሳይም። የመዋኛው ዋናና የዋናው መሥሪያ ቤት ዋና አጻጻፋቸው አንድ ነው። «ይበላል» ብለሽ ጻፊ፤ በይው ነው ወይስ ምግቡ? ስናወራ ድምፃችን ይለየዋል። ታፔላ ግን ድምፅ የለውም። ከዚያ ወዲህ የጻፍኩትን ምንም ለማያውቅ ሰው ሰጥቼ ጮክ ብሎ እንዲያነብልኝ አደርጋለሁ። ብዙ ጊዜ የምታነብልኝ ቢሯችን በር ላይ የጀበና ቡና የምታፈላው ልጅ ናት። ከሁለት አለቆቼ የበለጠ ጠቅማኛለች።

ወደ ስሙ ልምጣ። ስሙን የምታወጪው አንቺ ነሽ፣ የሚጠራው ግን ሰፈሩ ነው። ሀይላንድ የአንድ ውሃ ስም ነበር። አሁን ልጆች ባዶ ፕላስቲክ ሲለምኑ የየትኛውም ፋብሪካ ይሁን «ሀይላንድ!» ነው የሚሉት። ሶፍትም፣ ኦሞም፣ ባጃጅም እንደዚያው ሆነዋል። (ኦሞ ሳሙናው ከወንዛችን ጋር ዝምድና የለውም። እኔ ልጅ ሆኜ ወንዙ አረፋ የሚደፍቅ ይመስለኝ ነበር።) ደግሞ ቆራሌውን አስቢው። «ቆርቆሮ ያለው» ነበር ጥሪው። በየጠዋቱ ሲጮህ፣ ሲጮህ ተሸራርፎ «ቆራሌው» ሆነ፤ ሰውየውም ሥራውም በዚያው ተጠሩ። ለዚህ ስም ማንም ኮፒራይተር አልተከፈለውም።

አፍ የከበደውን ይሸራርፋል ማለት ነው። «ስፓይስ» በይ እስቲ። አብዛኛው ሰው ሳያውቀው ከፊቱ «እ» ይጨምርበታል፤ «እስፓይስ» ይሆናል። ስታዲየምም «እስታዲየም» የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። ከዚያ በስልክ ሲሆን «ጎልደን ምን?» ይመጣል። ችግሩ የውጭ ቃል መሆኑ አይደለም። ፒያሳ ያለው ቶሞካ እንደ ፈረንጆቹ ከ1953 ጀምሮ ቡና ይቆላል። ስሙ ከሦስት የጣልያንኛ ቃላት መጀመሪያ የተለቀመ ነው፦ ቶሬፋሲዮኔ ሞዴርና ካፌ። ማኪያቶ የሚያዘው ሰው ይህን ማወቅ አላስፈለገውም። ቶ፣ ሞ፣ ካ፤ አፍ ላይ አይደናቀፍም። ባለቤትሽ ስለዚህ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ስልክና ኮስሞቲክስ ብትሸጡ ኖሮ ከእሱ ጋር እስማማ ነበር። በርበሬ ግን…

«ድቁስ» ጆሮ ላይ ያምራል። ችግሩ ሌላ ነው። የዕቃውን ዓይነት ብቻ የሚናገር ቃል በንግድ ምልክትነት አይመዘገብም፤ አዋጅ ቁጥር 501/1998ን አንብቢው። ንግድ ፈቃድሽ ላይ ያለው የንግድ ስምና አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን የሚመዘገበው የንግድ ምልክት ደግሞ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ይዞ ሁለተኛውም ያለው ይመስለዋል። ድቁስ ብለሽ ብትደክሚ ጎረቤትሽም «ድቁስ» ብሎ ቢለጥፍ ምን ትይዋለሽ? ድቁስ ነዋ የሚሸጠው።

«ቅንጡ»ን ግን አውጪው፣ በእናትሽ! ይህ ቃል ይገርመኛል። አያቴ «አትቀናጣ» ስትለኝ ስድብ ነበር፤ ሽሮውን ትቼ ሥጋ ስፈልግ የምትለኝ ነው። ቅንጦት የሚታፈርበት ነገር ነበር። ዛሬ ሪል ስቴቱ ሁሉ «ቅንጡ አፓርታማ» ነው። መቼ ከነቀፋ ወደ ሙገሳ እንደተሻገረ ሳላየው አመለጠኝ፤ እኔም ራሴ ሦስት ጊዜ ጽፌዋለሁ፣ ተከፍሎኝ። «ቅንጡ መኖሪያ በካዛንቺስ» የሚል ሳነብ ደግሞ ሳቄ ይመጣል። ካዛንቺስ የመጣው «ካዛ ኢንቺስ» ከሚለው ነው፤ ኢንቺስ በጣልያን ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኛ ቤት የሚሠራው ተቋም አጭር ስም ነው። በደሞዝተኛ ቤት ስም ላይ ቅንጡ ተለጠፈበት። «ቅንጡ መኖሪያ በእሪ በከንቱ» የሚል ግን እስካሁን አላየሁም። እና እህቴ፣ ሽሮ ቅንጡ አይደለም። ሽሮ ሽሮ ነው። የሚገዛሽ ሰው ወር መጨረሻ ላይ ያለ ሰው ነው፣ አታሳፍሪው።

«ሙቀጫ»ን እመርጣለሁ። የሚነበበው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። ሲጠራ ራሱ የሚወቅጥ ይመስላል። በዓይን የሚታይ ዕቃ ስለሆነም ማብራሪያ አይፈልግም። ሰንጋ ተራ በኩል ሳልፍ የንብ ባንክን ስም የምቀናበት ለዚህ ነው፤ ንብ ሰብስባ ታከማቻለች፣ አለቀ። እናትሽ መሳቃቸውን አትፍሪው፣ የሳቁበትን ስም አይረሱትም። አንድ ቀልደኛ ጎረቤት «ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ» ማለቱም አይቀርም። ይበል። አንድ ነገር ብቻ፦ ሁሉንም ወፍጮ ቤት የምታስፈጪ ከሆነ ቢያንስ ሚጥሚጣውን ወይም ኮረሪማውን በእውነት ውቀጪ። ሰው ገብቶ «ሙቀጫው የታለ?» ይልሻል። በር ላይ አንድ ትልቅ የእንጨት ሙቀጫ ብታስቀምጪ መፈክርም አያስፈልግሽም።

እኔን ብቻ አትመኚ ደግሞ። ነገ ሰፈርሽ ባለሱቅ ጋ ሂጂ፤ ታክሲ የሚጮህበት ሰዓት ይሁን። ሦስቱንም ስም አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ንገሪውና በስልኩ እንዲመዘግባቸው አድርጊ። ፊደል አትንገሪው። ከዚያ ስልኩን ተቀብለሽ የጻፈውን እዪ። ታፔላውን ከዚያ በኋላ ታሠሪያለሽ።