መልስ፦ ከአባት ቤት ጋር ስለተወረሱ ተከራዮች

በሽምብጥ ከአባትዎ በወረሱት ግቢ ውስጥ ካሉት ሦስት ተከራዮች አንዱ አራት ወር እንዳልከፈለ፣ ሲጠየቅም «ውሌ ከአባትህ ጋር ነው» እያለ እንደሚመልስልዎት ጽፈዋል። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። ወራሽ ቤቱን የሚረከበው ሟች ከገቡት ውል ጋር ስለሆነ ውሉ በሞት ብቻ አይቀርም፤ ኪራዩን የመጠየቅ መብትም በዚያው ልክ ወደ እርስዎ ተላልፏል። ስለዚህ አስቀድመው የወራሽነት ማስረጃውን ከፍርድ ቤት አውጥተው ቅጂውን ይስጡት።

ገንዘቡን አጥብቀው ከመጠየቅዎ በፊት ግን የእርሱንም ሂሳብ ይስሙ። እኔ የእናቴን ቤት ስረከብ «አይከፍልም» የተባልኩት ሰው አንድ የተማሪ ደብተር ይዞ መጣ፤ በረዶ የበሳውን ጣሪያ በራሱ ወጪ በስምንት ቆርቆሮ እንደቀየረና ወጪው ከኪራዩ እንዲቀነስለት እናቴ በእርሳስ ጽፋ እንደፈረመችለት አሳየኝ። እጅ ጽሑፏን ሳይ ዝም አልኩ።

ዕዳው እውነተኛ ከሆነ የሰፈር ሽማግሌ ባለበት የአከፋፈል ጊዜ ቆርጣችሁ ተፈራረሙ። አዲሱን ውል በመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት በጽሑፍ፣ ከሁለት ዓመት ላላነሰ ጊዜ፣ ቅድመ ክፍያውን ከሁለት ወር ሳያስበልጡ፣ ኪራዩም በባንክ እንዲገባ አድርገው ይዋዋሉ፤ የምዝገባውን አሠራር ክፍለ ከተማዎን ይጠይቁ። እምቢ ካለ ጉዳዩን ለፍርድ ቤት ያቅርቡ እንጂ መብራት አይቁረጡበት፣ በሩንም አይቆልፉበት፤ ከሳሽ ሆነው ሳለ ተከሳሽ ያደርግዎታል።