ጥያቄና መልስ፦ የሂውማኒቲስ ተማሪን ስኮላርሺፕ እስከ የት ያደርሰዋል?

ጥያቄ፦

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ በታሪክ ትምህርት የመጀመሪያ ዲግሪዬን ከያዝኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ሁለተኛ ዲግሪዬን፣ ከተሳካልኝም ዶክትሬቴን መቀጠል እፈልጋለሁ። የተፈጥሮ ሳይንስ ያጠኑ ጓደኞቼ በፕሮፌሰሮች የምርምር ፕሮጀክት እየታቀፉ ሲማሩ አያለሁ፤ በእኛ መስክ ግን እንዲህ ያለ ድጋፍ እንደሌለ ይነግሩኛል። እውነት ነው? ስኮላርሺፕ ባገኝስ እስከ መጨረሻው ያደርሰኛል?

መልስ፦

ጓደኞችዎ የነገሩዎት ግማሹ እውነት ነው። በቤተ ሙከራ ለሚካሄድ ጥናት ገንዘቡ በአብዛኛው የሚመጣው በፕሮፌሰሩ ስም ሲሆን፣ ተማሪው በጀት በተያዘለት ሥራ ውስጥ ገብቶ የራሱን ድርሻ ያጠናል። ሂውማኒቲስ በሚባሉት እንደ ታሪክ፣ ሥነ ጽሑፍና ፍልስፍና ባሉ መስኮች ግን የጥናቱን ጥያቄ ይዞ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ተማሪው ራሱ ስለሆነ ድጋፉም የሚሰጠው ለእርሱ ነው። ስለዚህ የሚፈለግበት ቦታ ይለያያል እንጂ ድጋፉስ አለ።

ለሁለተኛ ዲግሪ እ.ኤ.አ. በ1946 የተመሠረተው የአሜሪካው ፉልብራይት፣ በ1983 የተጀመረው የእንግሊዝ መንግሥት ቼቭኒንግ እና የአውሮፓ ኅብረት ኢራስመስ ሙንዱስ የሂውማኒቲስ አመልካቾችንም ይቀበላሉ። ግዴታቸው ግን አንድ አይደለም። ቼቭኒንግ የአንድ ዓመት ማስተርስ የሚሸፍን ሲሆን የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ተመራቂውም ወደ አገሩ ተመልሶ ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲቆይ ያስገድዳል። ኢራስመስ ሙንዱስ ከትምህርት ክፍያው በተጨማሪ በወር 1,400 ዩሮ እስከ 24 ወራት ይሰጣል፤ የጉዞና የቪዛ ወጪ የሚሸፈነው ግን ከዚሁ ገንዘብ ነውና አስቀድመው ያስሉት።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ጥያቄዎ ነው። በሂውማኒቲስ ትልቁ ወጪ ጊዜ ነው። አንድ የታሪክ ተማሪ በማውጫው ላይ «አንድ ማኅደር» ተብሎ የተመዘገበ ሰነድ ለማየት ቤተ መዛግብት ይሄዳል እንበል። ማኅደሩ ሲከፈት አርባ ደብዳቤዎች ይወጣሉ፤ ጽሕፈታቸው የተጨናነቀ ነው፤ የአንዱ ገጽ ቀለም ወደ ጀርባው ሰርጎ ፊደሉን አደበላልቆታል። ፎቶ ማንሳት ስለማይፈቀድ በእርሳስ ይገለብጣል፤ በቀን ሁለት ደብዳቤ ከጨረሰ ቀንቶታል። ቋንቋውን አስቀድሞ መማር ካስፈለገው ደግሞ ሌላ ዓመት ይጨመርበታል። ይህ ሁሉ በትምህርት ክፍያ ደረሰኝ ላይ አይታይም። የትምህርት ክፍያን ብቻ የሚሸፍን፣ የመኖሪያ አበል የሌለው ስኮላርሺፕ ሙሉ ድጋፍ ተብሎ ሲጠራ የማልቀበለውም ለዚህ ነው።

በዶክትሬት ደረጃ ደግሞ አበሉ ለተወሰኑ ዓመታት የሚሰጥ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የሚቋረጠው ጽሑፉ ሊጠናቀቅ ሲቃረብ ነው። ተማሪው ያን ጊዜ ለመኖር ሲል የሌሎችን ኮርስ እያስተማረ ምዕራፉን ሌሊት ይጽፋል፤ ጎበዝ ተማሪዎች ከመንገድ የሚቀሩት በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። ችግሩ የታወቀ በመሆኑ እ.ኤ.አ. በ1919 የተመሠረተው የአሜሪካ የምሁራን ማኅበራት ምክር ቤት በሜለን ፋውንዴሽን ገንዘብ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለሚማሩ የዶክትሬት ተማሪዎች ለዓመታት የመመረቂያ ጽሑፍ ማጠናቀቂያ ድጋፍ ሰጥቷል፤ ኋላ ላይም ድጋፉን ጥናቱ ገና በሚቀረጽበት ወቅት ወዳሉ ተማሪዎች አዙሮታል። እኔ ሁለቱም ያስፈልጋሉ ባይ ነኝ።

ሲያመለክቱ ፕሮፖዛልዎን ከመስክዎ ውጭ ያለ ምሁርም ሊያነበው እንደሚችል ያስቡ። «ለንግድ ታሪክ ዕውቀት አስተዋጽኦ አደርጋለሁ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለገምጋሚው ምንም አይነግረውም። የትኞቹን ደብዳቤዎች እንደሚያነቡ፣ የት እንደሚገኙ፣ ስንት ሳምንት እንደሚፈጁና እስካሁን የታመነውን የትኛውን ነገር ሊለውጡ እንደሚችሉ ይጻፉ።

ዕድሉን ካገኙ በኋላም ደስታው ሳያስቸኩልዎ ለዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ይላኩ። አበሉ በእረፍት ወራት ይከፈላል ወይ? ወደ ቤተ መዛግብት ለመጓዝ የተለየ በጀት አለ ወይ? የጤና መድንን ማን ይከፍላል? በሳምንት ስንት ሰዓት ማስተማር ግዴታ ነው? ጽሑፉ በተባለው ጊዜ ባያልቅ ምን ይደረጋል? መልሱን በጽሑፍ ሳይቀበሉ አይፈርሙ።