ጥያቄና መልስ፦ ሊስትሮው እንደ ዜና አንባቢ ሲያወራ

ባለፈው ከደራስያን ጋር ስለሚደረጉ ቃለ ምልልሶች ጽፌ ነበር። ደራሲ በተገኘ ቁጥር "ሐሳቡ ከየት መጣልህ?" ይባላል። እንዴት እንደሚጽፍ፣ ውሉን እንዴት እንደሚፈርም፣ የማተሚያ ቤቱን ሂሳብ ከየት እንደሚያመጣ ግን የሚጠይቀው የለም፣ ነበር ያልኩት። ይኸው እናንተ ጠየቃችሁ። አንዳንዱ ደብዳቤ አራት ገጽ ስለሆነ ሁሉንም በራሴ ቃል አሳጥሬዋለሁ።

አንድ የባንክ ሠራተኛ ሥራ እየዋለ ልብ ወለድ ለመጻፍ ጊዜ አጣሁ ይላል። በቀን ስንት ገጽ መጻፍ እንዳለበትም ይጠይቃል።

አንድ ገጽ ይበቃሃል። አንድ ገጽ በየቀኑ ከጻፍክ በዓመቱ ከበቂ በላይ የሆነ ረቂቅ አለህ። አንቶኒ ትሮሎፕ የሚባለው የ19ኛው መቶ ዘመን እንግሊዛዊ ደራሲ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበር። ጠዋት በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ተኩል ላይ ጠረጴዛው ጋ ይቀመጥና ሰዓቱን ፊቱ አስቀምጦ በየ15 ደቂቃው 250 ቃል ይጽፍ ነበር። ከዚያ ወደ ሥራው ይሄዳል። ያን ያህል ባትጽፍም ሰዓቱን ግን ያዝ። "ሲመቸኝ" የሚባል ሰዓት የለም።

በእጅ ይሻላል ወይስ በኮምፒዩተር? በሚቀናህ። ቀጣይ።

አንዲት የመቀሌ አንባቢ ረቂቋን ስድስት ጊዜ አርማ አሁንም አልጥም ብሏታል። ስንት ጊዜ ማረም ነው የሚበቃው ትላለች።

ኧርነስት ሄሚንግዌይ እ.ኤ.አ. በ1958 ፓሪስ ሪቪው በሚባለው መጽሔት ላይ በወጣ ቃለ ምልልስ የአንዱን ልብ ወለዱን መጨረሻ ገጽ 39 ጊዜ እንደጻፈው ተናግሯል። ያስቸገረው ምን እንደነበረ ሲጠየቅ ቃላቱን ማስተካከሉ ነው አለ እንጂ ሌላ ምሥጢር አላወራም። ስለዚህ ስድስት ብዙ አይደለም። ግን ከስድስተኛው በኋላ ረቂቁን ለአንድ ወር መሳቢያ ውስጥ ቆልፊበት። ስትመለሺ የሚጎረብጠው ቦታ ራሱ ይጮኻል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። አንድ ወጣት የልብ ወለዱን የመጀመሪያ ምዕራፍ ልኮልኛል። ጓደኞቹ "ሁሉም ሰዎችህ እንደ አንተ ነው የሚያወሩት" ብለውታል። እውነት ነው ወይ ይላል።

እውነት ነው። ወንድሜ፣ ምዕራፍህ ውስጥ አንድ ሊስትሮ ልጅ አለ። አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው ትላለህ። የደንበኛውን ጫማ እየጠረገ ምን አለ? "የኑሮ ውድነቱ በእጅጉ አሳሳቢ ደረጃ ላይ ደርሷል።" ይሄን የሚለው የማታ ዜና አንባቢ ነው። ያንተ ልጅ ቀና ሳይል፣ ብሩሹን እንደያዘ፣ "ጋሼ፣ ቀለሙ ራሱ ጨምሯል እኮ" ቢልስ? ኑሮ እንደተወደደ ገባን። ልጁ ዋጋ ሊጨምርበት እንደሆነም ገባን። ደንበኛው "ጋሼ" የሚባል ዕድሜ ላይ እንዳለም አወቅን። ይሄ ሁሉ በአንድ መስመር።

ይህ ጉዳይ ሁሌም ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም አማርኛ ለንግግር የሰጠን ዕቃ ብዙ ነው፣ እኛ ደግሞ አንጠቀምበትም። አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ አንቱ አሉን። እንግሊዝኛ በዚህ ሁሉ ቦታ አንድ ቃል ብቻ ነው ያለው። አንድ ሰው ለሃያ ዓመት "እርስዎ" ሲለው የኖረውን አማቱን በውርስ ጠብ መሐል ድንገት "አንተ" ካለው፣ "በጣም ተናደደ" ብለህ መጻፍ አያስፈልግህም። ቤቱ ፈርሷል። እናት ወንድ ልጇን ስታቆላምጠው "አንቺ፣ ነይ እስቲ" ትለዋለች፤ ያቺ "አንቺ" ውስጥ ያለውን ፍቅር የትኛውም ቅጽል አይተካውም። ሁለት የቢሮ ባልደረቦች በሦስተኛው ምዕራፍ "አንቱ" መባባል ትተው "አንቺ" እና "አንተ" ከጀመሩ ፍቅሩ የተጀመረው እዚያ ጋ ነው፣ መሳሳሙ ላይ አይደለም። ይህን ለውጥ አንባቢ በጆሮው ይሰማዋል። አንተ ግን ምዕራፍህ ውስጥ አከራይዋን አንድ ገጽ ላይ "እርስዎ"፣ ቀጥሎ "አንቺ"፣ ተመልሰህ "እርስዎ" አስባልካቸው፤ አስበህበት ሳይሆን ስለረሳኸው ነው።

ሌላው ነገር፣ የኛ ሰው የሚፈልገውን በቀጥታ አይናገርም። የተቀየመች እናት "ተቀይሜሃለሁ" አትልም። ሌላ ቀን "ና ልጄ፣ ብላ፣ ሞት ይርሳኝ፣ ምንም ሳትቀምስ?" የምትለው ሴትዮ ያን ቀን "ምግቡ እዚያ ነው" ብላ ወደ ጓዳ ትገባለች። እንግዳው እንዳይሄድባት የምትፈልግ ሴት "ቡናው እኮ ሁለተኛው ነው፣ በረካው ይቀራል" ትላለች። ያንተ ሰዎች ግን ልባቸው ውስጥ ያለውን ሁሉ ፍርድ ቤት እንደቆመ ምስክር ይዘረዝራሉ።

ሁለት ነገር አድርግ። አንደኛ፣ የተናጋሪዎቹን ስም በእጅህ ሸፍነህ ምልልሱን ብቻ አንብብ። ማን እንደሚናገር መለየት ካልቻልክ ገና አልጻፍከውም። ሁለተኛ፣ ጮክ ብለህ አንብበው። ወጋየሁ ንጋቱ "ፍቅር እስከ መቃብር"ን በሬዲዮ ሲተርክ ማንበብ የማይችለው ሰው ሳይቀር ጆሮውን ሰጥቶ ይከታተል ነበር። የተራኪው ችሎታ እንዳለ ሆኖ፣ ሐዲስ ዓለማየሁ የጻፉት ንግግር ከአፍ ሲወጣ የሚያምር ስለሆነ ነው። ያንተን ምዕራፍ እኔ ቤቴ ውስጥ ጮክ ብዬ አንብቤዋለሁ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ትንፋሽ አጠረኝ። አራተኛው ገጽ ላይ ግን አንድ ቦታ አለ፣ ወያላው የሴትዮዋን ዘንቢል እየተቀበለ "እማማ፣ ዶሮዋ ሒሳብ ትከፍላለች" የሚላት። እሱን ከየት እንዳመጣኸው አውቃለሁ፣ ሰምተኸዋል። ሌላውንም እንደዚያ ሰምተህ ጻፈው።

አንድ ጡረታ የወጡ መምህር "በዚህ ዕድሜ ልብ ወለድ መጀመር ይቻላል ወይ?" ይላሉ። አባቴ፣ አሁን የጠቀስኳቸው ሐዲስ ዓለማየሁ ያንን መጽሐፍ በ1958 ሲያሳትሙ ሃምሳውን ዓመት አልፈው ነበር። እርስዎ የኖሩትን ወጣቱ ከየትም አያመጣውም። ይጀምሩ። ሥነ ጽሑፍን በዘዴ መማርም ከፈለጉ ዳኛቸው ወርቁ በ1977 ያሳተመውን "የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ" ቤተ መጻሕፍት ገብተው ይፈልጉት።

ሐሳቤን ለጓደኛዬ አጫውቼው ሰረቀኝ፣ ልክሰሰው? ሐሳብ ብቻ ከሆነ ሕጉ አይጠብቅልህም፤ የሚጠበቀው የጻፍከው ነው። ስለዚህ ቁጭ ብለህ ጻፈው። ከጻፍከው ላይ ገልብጦ ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ ጠበቃ አማክር።

ከሐዋሳ የጻፈችልኝ ደራሲ ጉዳይ ግን እንዲህ በአንድ መስመር የሚያልቅ አይደለም። የመጀመሪያ ልብ ወለዷን አንድ አሳታሚ ወዶላታል። በአንድ ጊዜ ጠቀም ያለ ብር ይሰጣታል፤ እሷ ደግሞ "ማንኛውንም መብቴን ለዘለቄታው አስተላልፌያለሁ" የሚል አንድ ገጽ ወረቀት ትፈርማለች። ዓርብ ልትፈርም ነው። ደስ ብሏታል።

እኅቴ፣ ዓርብ እንዳትፈርሚ። ደስታሽን ላጠፋብሽ አይደለም። ገንዘቡ ለምን እንዳጓጓሽም ይገባኛል። ብዙ ደራሲ የማተሚያውን ወጪ ተበድሮ ነው የሚያሳትመው። ወረቀቱ ከውጭ ስለሚመጣ ብር በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ሂሳቡ ብሷል። መጽሐፉን ለመደብሮች አስረክቦ ገንዘቡን ለመሰብሰብ ወራት ይመላለሳል። በዚህ መሐል "እኔ ላሳትምልሽ" የሚል ሰው ሲገኝ እንደ መልአክ ይታያል። እኔም የዛሬ ስንት ዓመት፣ ስሙን የማልጠራው አንድ ሰው ፊት ቆሜ፣ በግማሽ ገጽ ወረቀት የሁለት ዓመት ሥራዬን ፈርሜ ሰጥቻለሁ። ያ መጽሐፍ ስንት ቅጂ እንደታተመ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በአገራችን ሕግ፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በሚባለው፣ የመጽሐፉ መብት ከጻፍሽው ጀምሮ ያንቺ ነው። በሕይወት እስካለሽ ድረስ፣ ከዚያም ለወራሾችሽ 50 ዓመት። "ማንኛውንም መብት" የሚለው ቃል ይህን ሁሉ ነው የሚጠቀልለው። ማተም አንድ መብት ነው። መተርጎም ሌላ ነው። በድምፅ መተረክ ሌላ ነው። ፊልም ማድረግ ሌላ ነው። አሳታሚው የሚያስፈልገው ማተም ከሆነ ማተሙን ብቻ ስጪው፤ እሱንም ለስንት ቅጂ፣ ለስንት ዓመት እንደሆነ በቁጥር ይጻፍ። ሁለተኛ ዕትም ሲታተም ስንት እንደሚከፍልሽ ይጻፍ። የታተመውን ቅጂ ብዛት የማተሚያ ቤቱን ደረሰኝ አይተሽ ማረጋገጥ እንደምትችዪ ይጻፍ።

ከዚያ ወረቀቱን ይዘሽ ጠበቃ ጋ ሂጂ። "አንድ የማውቀው ሰው አየልኝ" አይበቃም፤ ውል የሚሠራ ጠበቃ ይሁን። የሚያስከፍልሽ የማማከር ክፍያ በኋላ ከምታጪው ጋር አይወዳደርም። አሳታሚው ጨዋ ሰው ከሆነ አንድ ሳምንት ይጠብቅሻል። "ዓርብ ካልፈረምሽ ቀረ" ካለሽ መልስሽን አግኝተሻል።

ለመጽሐፍ የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር ከየት ነው የማገኘው? ከብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክር ከምንለው።

ስጽፍ አንገቴንና እጄን ያመኛል። ተነስተህ ተንቀሳቀስ፣ ካልተወህ ሐኪም ያየው።

ይህኛውን ደብዳቤ ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። ሪያድ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እኅት ናት። ሌሊት ሥራ ሲያልቅ፣ ስልኳ ወጥ ቤት ውስጥ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ቻርጅ ሲደረግ፣ እዚያው መሬት ላይ ተቀምጣ ትጽፋለች። ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፣ ደራሲ መሆን እችላለሁ ወይ ትላለች። ከታች ደግሞ አንድ ነገር ጨምራለች። በፊት የነበረችበት ቤት የደረሰባትን ምዕራፍ መጻፍ ከጀመረች ወዲህ ሦስት ሳምንት እንቅልፍ የላትም። እጇ ይንቀጠቀጣል።

የኔ እኅት፣ ትችያለሽ። የላክሽልኝ ሁለት አንቀጽ ውስጥ የማዳሟን ነጠላ ጫማ ድምፅ ሰምተሽ ከመምጣቷ በፊት የትኛው ክፍል እንዳለች የምታውቂበት ቦታ አለ። ይህን ትምህርት ቤት አያስተምርም። የፊደል ስህተቱን አራሚ ያስተካክለዋል። አሁኑኑ ግን የጻፍሽውን ሁሉ ለምታምኛቸው ሁለት ሰዎች ላኪ፤ ስልኩ ቢጠፋ ወይም ቢነጠቅ አንድ ዓመት ሥራሽ አብሮ እንዳይሄድ።

ያንን ምዕራፍ ግን ለጊዜው ተዪው። ሥራውን ተዪ ማለቴ አይደለም። ስለ እናትሽ ቤት ጻፊ፣ ስለ ጉዞው ጻፊ፣ ያኛው ይቆይ። "መጻፍ ያሽራል" የሚሉሽ አሉ፤ አንዳንዴ ያሽራል፣ አንዳንዴ ቁስሉን ብቻውን ይከፍተዋል። ሦስት ሳምንት አለመተኛትና መንቀጥቀጥ የአጻጻፍ ጥያቄ አይደለም፣ እኔም ልመልሰው የምችለው አይደለም። የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማናገር አለብሽ። ይህን ለወጉ ያህል አላልኩትም። አማርኛ የሚናገር፣ በስልክ የሚያማክር ባለሙያ ማግኘት ይቻላል፤ አገር ቤት ያለ ሰውሽ ሐኪም ጠይቆ እንዲያገናኝሽ ዛሬ ንገሪው። ቀጠሮ እንደያዝሽ ደግሞ አንድ መስመር ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።

የመጨረሻው ከደብረ ብርሃን ነው፤ ርዕስ የሚወጣው መጀመሪያ ነው ወይስ መጨረሻ ይላል። መጨረሻ። እስከዚያ ፋይሉን "ረቂቅ 1" በለው።